ኤምባሲው የለጠፈው ማስታወቂያ ለምን አይደርሳትም?

የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የፌስቡክ ገጽ የሚይዝ ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንዱ አለቃው ነው፤ ክቡር አምባሳደሩ ከማን ጋር እንደተወያዩ፣ ፎቶውም በጊዜ መውጣቱን ያያል። ሌላዋ ሪያድ ወይም ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራ፣ ስልኳን የምታየው የማታውን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ የሆነች፣ ፓስፖርቷ ሊቃጠል ጥቂት ወር የቀረው እህት ናት። ለአለቃው ፎቶው ይበቃዋል። ለእሷ መጻፍ ግን ሙያ ይጠይቃል።

የተለመደው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «የፓስፖርት እድሳት አገልግሎት ጥር 10 ከ3 ሰዓት ጀምሮ ስለሚሰጥ አስፈላጊውን ሰነድ አሟልታችሁ እንድትቀርቡ እናሳስባለን።» ማሳሰብ የማይወድ መሥሪያ ቤት የለም። ጥር 10 በእኛ አቆጣጠር ከተራ ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጃንዋሪ 18 ላይ ይውላል። ውጭ አገር ብዙ የኖረ ሰው ግን ጃንዋሪን «ጥር» ብሎ ስለሚጠራ 8 ቀን ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። 3 ሰዓትም ለእኛ ጠዋት ነው፣ ስልኳ ላይ 3:00 የሚለው ግን ከቀትር በኋላ ነው። «አስፈላጊው ሰነድ» ምን እንደሆነ ስላልተነገረ ደግሞ ያው ጥያቄ ኮሜንት ላይ ሲደጋገም ይውላል።

እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «እሑድ ጥር 10 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 18፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 9:00።» የዕለቱ ስም አይቅር። ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ ኤምሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቅዳሜና እሑድ አድርጋዋለች። የሪያዱን ማስታወቂያ ገልብጦ አቡዳቢ ላይ የለጠፈ ሰው ሕዝቡን ዝግ በር ላይ ይሰድዳል። ቀጥሎ ሰነዶቹ በቁጥር ይዘርዘሩ፤ ዋናው ነው ኮፒው፣ ፎቶው ስንት፣ ክፍያው በአገሩ ገንዘብ ስንት ነው፣ በጥሬው ነው በባንክ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ ብቻ መለጠፍ የቆየ በሽታ ነው። ማኅተሙ እምነት ስለሚያሳድር ይለጠፍ፤ ጽሑፉ ግን ሙሉውን ፖስቱ ላይ መደገም አለበት፣ ምስል ውስጥ የታሰረ ፊደል ተፈልጎ አይገኝማ። ምስሉ ላይ ደግሞ የወጣበት ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ እንዲሁም የሚያበቃበት ቀን በጉልህ ይጻፍ። ስክሪንሹቱ ከገጹ ተነጥሎ ነው በየዋትስአፑ የሚዞረው። ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ያለ ቅጣት ከአገር እንዲወጡ የፈቀደውን የሳዑዲን የ2017 እ.ኤ.አ. የምሕረት አዋጅ ያስታውሷል፤ ማርች 29 ላይ ለ90 ቀን ተጀምሮ ኋላ ተራዘመ። ቀነ ገደብ በተራዘመ ቁጥር የድሮው ምስል ውሸታም ሆኖ መዞሩን ይቀጥላል። አዲሱን በሌላ ቀለም ሠርቶ ማውጣት፣ የድሮውን ፖስት ሳያጠፉ አናቱ ላይ «ተራዝሟል» ብሎ ወደ አዲሱ መምራት ይበጃል።

ኤክስ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በነጻ አካውንት 280 ምልክት ይፈቀዳል ቢባልም አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ 140 ገደማ ፊደል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። «ክቡር አምባሳደር» የሚለው ከነማዕረጉ ከገባ ለቀኑ ቦታ አይተርፍም።

ማንበብ ለሚቸግራት ደግሞ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቴሌግራም ላይ ይለቀቅላት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ፣ ለየብቻ። አንድ ላይ ከተቀዳ የራሷ ቋንቋ እስኪደርስ አትጠብቅም።

ኮሜንት ላይ ሰዎች በጭንቀት የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን ይጽፋሉ። ፌስቡክ ላይ የተደበቀ ኮሜንት ለጸሐፊውና ለጓደኞቹ አሁንም ይታያል፤ ስለዚህ ለባለቤቱ በኢንቦክስ መልስ ሰጥቶ ማጥፋት ነው። ካልጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ የኤምባሲውን ዓርማ ፕሮፋይል ያደረገ ደላላ «በዋትስአፕ አናግሪኝ» ይላታል። የተመዘገበ ቃል ያለበትን ኮሜንት የሚደብቅ የቃላት ማጣሪያ ቢኖርም «ፓስፖርት እናሠራለን» የሚለውን ብቻ ካስገቡ ደላላው «እናሰራለን» ብሎ ያልፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በየመልካቸው መግባት አለባቸው፤ አማርኛ በላቲን ፊደል የተጻፈውም እንዲሁ። አስመሳይ ገጽ የተጠረጠረ እንደሆነ ፌስቡክ ላይ «የገጹ ግልጽነት» (Page transparency) የሚለው ክፍል መቼ እንደተከፈተና ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ያሳያል። ያንን እንዴት እንደምታይ በምስል አስደግፎ በየጊዜው መለጠፍ ነው።

በመጨረሻ ቁልፉ። ገጹን የከፈተው ዲፕሎማት ተመድቦበት የነበረው ጊዜ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የመግቢያው ኮድ የሚላከው እዚያ አውጥቶት በነበረው ሲም ካርድ ላይ ከሆነ፣ ሲሙ በተዘጋ ቀን የገጹ መግቢያም አብሮ ይዘጋል። ተከታዮቹ እዚያው የሞተው ገጽ ላይ ይቀራሉ፤ ሰውየውን ፈልጎ ማግኘትም ሌላ ሥራ ነው። ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ቢያንስ ሁለት አድሚኖች ይኑሩ፣ ኮዱ ያለ ሲም ካርድ ስልክ ላይ ኮድ በሚያወጣ የማረጋገጫ አፕ ይምጣ፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹም ታትመው ማኅተሙ የሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ ይግቡ።