እማማና የማታ ቡና

እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በሥራ ቀን ቡና የሚፈላው ማታ ነው። ሁላችንም ከመሀል ከተማ ተጋፍተን የምንገባው ከመሸ ስለሆነ ሌላ ጊዜ የለም። ጎረቤቴ እማማ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያጓድሉ ጠጥተው፣ ረከቦቱ ሳይነሳ ማንጎላጀት ይጀምራሉ። እኔ አንድ ስኒ ከቀመስኩ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጣሪያ ላይ አፍጥጬ ነው።

«የዛሬ ልጆች! ቡና ደግሞ መቼ እንቅልፍ ይነሳል?» ይሉኛል።

ይነሳል እንጂ። ነቅተን በዋልን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ማታ ላይ ዓይናችንን የሚከድነው አንዱ እሱ ነው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ታክሲ ላይ ቀድሞ እንደገባ ተሳፋሪ የአዴኖሲንን ወንበር ይይዝበታል። ድካሙ የትም አልሄደም፤ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

እኔንና እማማን የሚለየን በከፊል ጉበታችን ነው። ካፌይንን የሚሰባብረው ኢንዛይም አንዱ ጋ ፈጣን፣ ሌላው ጋ ዘገምተኛ ነው፤ ይሄ ደግሞ በዘር ይወረሳል። ከጠጣነው ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንዳንዱ ሰው ጋ 2 ሰዓት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ጋ ወደ 10 ይጠጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወጣዋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ይዘገይባታል፤ ነፍሰ ጡር ላይማ መጨረሻው አካባቢ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። እና እርጉዝ ሴትን «አንድ ስኒ ብቻ» እያሉ ማታ ማታ መጎትጎት ደስ አይለኝም።

ግን «አይነካኝም» የሚለውን ነገር እኔ ብዙም አላምነውም። አንድ ሰሞን እማማ ቡና አልቆባቸው ብገባ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍንግ አድርገው አስረው፣ መጋረጃውን ዘግተው ተኝተዋል። ሐራራ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰውነት ካፌይኑን ለምዶታል፤ ሲቀርበት ራስ ምታት ያመጣል። ደግሞ ካፌይን እንቅልፍ ቢወስድህም ጥልቁን እንቅልፍ ይቀንሳል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስጥር አይጠብቅም፤ እማማ ሌሊት ተነስተው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እሰማለሁ። ጠዋት ሲጠየቁ «እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት» ነው መልሳቸው።

ቡና ጠጡ ተብሎ እምቢ ማለት ግን ይከብዳል። ስለዚህ የማታውን በበረካ ብቻ አደረግሁት። አብዛኛው ካፌይን በአቦሉ ስለሚወጣ በረካ ቀጭን ነው፤ ምርቃቱ ግን አይቀንስም። እማማ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። አሁን ስኒዬን ራሳቸው ለይተው ያስቀምጡልኛል። የእሁድ ጠዋቱን አቦል ግን ለማንም አልለቅም።