በእንግሊዝኛ ይቀላል

አልኮል ከተውኩ ሰባት ወር ሆነኝ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሁዳዴ ላውራ፤ ለዓመታት ራሴን የማታልለው በእሱ ነበር። 55ቱን ቀን ጠብታ አልቀምስም። «ሱሰኛ ብሆን ይህን እንዴት እችል ነበር?» እላለሁ። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ዶሮው ሳይቀርብ፣ ውስኪውን እንደማጋምሰው ግን ለማንም አልናገርም። ባለፈው ዓመት ሁዳዴን በሁለተኛው ሳምንት ገደፍኩ። በሥጋ አይደለም፣ በመጠጥ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ውስጥ ነው። በእኛ ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት ነው) ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው ካውንቲው ራሱ በሚያስተዳድራቸው መደብሮች ነው። ሻጮቹ እንዳይለዩኝ ሦስቱን እያፈራረቅኩ እገዛ ነበር። ለዚህ ያህል የሚጨነቅ ሰው ችግር እንዳለበት እንዴት አያውቅም? እኔ አላውቅም ነበር።

ሐኪም ቤት ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ተናገርኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝ «በራስህ ጊዜ ድንገት እንዳታቆም» ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣ ሰው ባንዴ ካቆመ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እኛ ጋ የሚባለው «ወንድ ከሆንክ ተወው» ነው! መድኃኒት አዞልኝ ተከታተለኝ። ቀጥሎ «ኤኤ ሂድ» አለኝ።

ኤኤ ማለት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ መጠጥ ለመተው እየተሰበሰቡ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር። እ.ኤ.አ. በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የዎል ስትሪት ሰውና አንድ ሐኪም የጀመሩት። ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ። ስልኬ ላይ የስብሰባ መፈለጊያ አወረድኩ፤ ዚፕ ኮድ ሳስገባ ዝርዝሩ አላልቅ አለ። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ ማታ፣ በዙም። «ክፍት» የተባለው ላይ ማንም መግባት ይችላል፣ ቤተሰብም ጭምር። «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን በሙሉ ዘለልኳቸው። ለምን እንደሆነ ሐበሻ አንባቢ ይገባዋል። ሮክቪል ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን መረጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ገባሁ፤ ግን በሩን ተሳስቼ መዘምራን ልምምድ ላይ። አንዲት ሴትዮ ፊቴን አየት አድርጋ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «ታች ነው» አለችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንደተጻፈ እስካሁን አላውቅም።

ታች ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ አንድ ትልቅ የቡና ማሽን። ቡናው ከበረካም ይቀጥናል። አንዱ ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም አይመክረውም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ችግሩን ካወራ አምስት ሰው ይመክረዋል፣ ስድስተኛው «ድሮም ብዬህ ነበር» ይለዋል። ቅርጫት ዞረ። ከውጭ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ሁለት ዶላር ይጣላል። ኪሴን ስዳብስ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «አዲስ ሰው አይከፍልም» አሉኝ። መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ። ቁርጥ ማኅበር ነው፣ ጠላው ሲቀር።

ተራዬ ሲደርስ «ስሜ እገሌ ነው፣ አልኮሆሊክ ነኝ» አልኩ። እንደፈራሁት አልከበደኝም። ቀላል የሆነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንደነበር የገባኝ ስመለስ ነው። መኪና ውስጥ ብቻዬን በአማርኛ ልለው ሞከርኩ። «ሰካራም ነኝ።» አልወጣም። ሰካራም ስድብ ነው። ሰካራም ሲባል የሚታየኝ ሰፈራችን የነበረው ሰውዬ ነው፤ ልጆች ሆነን እየተከተልን የምንስቅበት፣ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ የነበረ። «የአልኮል ሱሰኛ» ደግሞ የዜና አማርኛ ነው። ሰው ስለራሱ እንዲህ አይናገርም።

የንስሐ አባቴን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ጸበልህንም ጠጣ፣ ስብሰባህንም ሂድ» አሉኝ። በቃ።

የሚከብደው ድግስ ነው። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? እስካሁን «መድኃኒት ላይ ነኝ» እያልኩ አመልጣለሁ። ውሸት ነው፤ ግን ይሠራል።

ባለፈው ወር ስብሰባው ላይ፣ ሳልጠጣ ስድስት ወር ስለሞላኝ፣ የማስታወሻ ሳንቲም ተሰጠኝ። አዲስ አበባ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሰካራም ነኝ።»

ዝም አለች። ቆይታ «ነበርኩ በል እንጂ» አለችኝ።

«እዚህ ነበርኩ አይባልም።»

«ለምን?»

«እንዳንረሳ መሰለኝ።»

አሁንም ዝም። «እሺ፣ ሳንቲሙ ስንት ያወጣል?»

«ምንም። ፕላስቲክ ነው።»

«ይሁን» አለች። «እንዳትጥለው ብቻ።»