ሦስት ሂተር የበላው ፍሪጃችን

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ከፍሪዘሩ ጀርባ የሆነ ነገር በረዶ ይፍቃል። ባለቤቴ «አይጥ ገባ እንዴ?» አለች። አይጥ አልነበረም፤ ማራገቢያው ነበር።

ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለችን። ውሃና ለስላሳ እንሸጣለን፣ ባለቤቴ ደግሞ እርጎ ታረጋለች። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የሚመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ እኛም የምንበላው ከዚያ ሙቀት ነው። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ፍሪጁ ላዩ ድንጋይ፣ ታቹ ለብ ያለ ሆነ። እርጎው ኮመጠጠ።

አጥፍተን፣ በሩን ከፍተን አሳደርነው። ውሃው ወለሉን ሞላው፣ ሲበራ ደህና ሆነ። ከአሥር ቀን በኋላ ያው ድምፅ ተመለሰ።

የኛ ፍሪጅ በረዶ አይሠራም የሚባለው ዓይነት ነው። ይሠራል እንጂ፣ ቶሎ ያቀልጠዋል። ከፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን በስተጀርባ የሚቀዘቅዝ ቱቦ አለ። የአየሩ እርጥበት እሱ ላይ በረዶ ይሆናል። ታይመሩ በየስምንት ሰዓቱ ሞተሩን ያቆምና ከቱቦው ሥር ያለውን ሂተር ያበራል። በረዶው ቀልጦ በቀጭን ቧንቧ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሂተሩ ከሞተ ቱቦው በበረዶ ይደፈናል፣ ቅዝቃዜው ወደ ታች የሚያልፍበት ያጣል።

የመጀመሪያው ሠራተኛ ይህን ወዲያው አወቀ። «ሂተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ከአሮጌ ፍሪጅ የተፈታ ሌላ ገጠመ። በአራተኛው ቀን ሞተ። የመስተዋት ቱቦው ውስጡ ጠቁሮ፣ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሶ ነበር። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ወረቀት በሞባይሌ መብራት አነበብኳት፤ 127 ቮልት፣ 180 ዋት። ለካ ሂተሩ የተፈታበት አሮጌ ፍሪጅ ከሳዑዲ የመጣ ኖሯል። እዚያ በየቤቱ ሲሠራበት የኖረው መብራት 127 ነው፤ የኛ 220። ሒሳቡን እቤት ሠራሁት። ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለዋቱ ማካፈል ነው፣ ሽቦው ለመብራቱ ያለው ተቃውሞ 90 ኦም ገደማ ይመጣል። 220 ላይ ሲሰካ 540 ዋት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ሦስት እጥፍ። አራት ቀን መቆየቱም ይገርማል።

ሁለተኛው ሠራተኛ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ትክክለኛውን የ220 አዲስ ሂተር ይዞ መጣ። ሲጨርስ አንዲት ክብ ነገር ከነሽቦዋ ቆርጦ አወጣና «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱም ሞቷል፤ ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ» አለኝ። እኔም «አብሽር፣ ብቻ ይሥራ» አልኩት። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማራገቢያው እንደገና መፋቅ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው አልጠራሁም። አንድ ቴስተር፣ መስመር ሲገናኝ የሚጮህ የመብራት መለኪያ፣ ገዛሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ በረዶውን አቀለጥኩ፣ በካቻቢቴ ሽፋኑን ፈታሁ። ሂተሩ ላይ ቴስተሩ ምንም አያነብም፤ ደህና ቢሆን በዚያው ሒሳብ፣ ለ180 ዋት በ220፣ 269 ኦም አካባቢ ይል ነበር። አጠገቡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሂተሩ በራሱ አልሞተም፤ ማን እንደሚያቆመው ጠፍቶ ነው የሞተው።

ያቺ ክብ ነገር ባይሜታል ትባላለች። ቱቦው ላይ ተጣብቃ ሙቀቱን ትለካለች። በረዶው አልቆ ቱቦው ሞቅ ሲል መስመሩን ትቆርጣለች። የኛ ፍሪጅ ላይ ደግሞ በዚያው መስመር 72 ዲግሪ የሚል ፊውዝ ተከትሏል፤ እሷ ብትሳሳት እሱ ይበጠሳል። ልጁ ሁለቱንም ቆርጦ ሽቦውን በናስትሮ አሥሮታል። ሂተሩ በረዶ እያለ በረዶውን ያሞቃል። በረዶው ካለቀ በኋላ ግን ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም፣ ራሱን ነው የሚጠብሰው። ታይመሩ ደግሞ የማቅለጫ 21 ደቂቃውን ሳይሞላ ወደ ሞተሩ አይዞርም። በኋላ ሰዓት ይዤ ቆጥሬዋለሁ።

ደሴ ወጥቼ አዲስ ሂተርና አዲስ ባይሜታል ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት አዲሱን ባይሜታል ለካሁት። ምንም! ተናደድኩ። የሞተ ሸጡልኝ ብዬ ልመልስ ተነሣሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። ይህች ዕቃ በሙቀት የምትቆርጥ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ሆና እንዴት ታገናኛለች? በረዶ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፣ አሁንም ምንም። እሷ የምትፈልገው ከዜሮ በታች ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ በጎረቤታችን በእትዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኳት። «ደግሞ ምን አመጣህብኝ?» ብለው ሳቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣት ቴስተሩ ጮኸ። እጄ ላይ ትንሽ ቆይታ «ጠቅ» አለችና ዝም አለች።

ልጁ የቆረጣት አሮጌዋ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። እሷንም ፍሪዘር አስገባኋት። እሷም ጮኸች። ሞታ አታውቅም። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ለክቶ ነው የገደላት፤ እኔም ልመልሳት የነበረችውን አዲሷን እንዲሁ።

አዲሱን ሂተር ገጥሜ አሮጌዋን ባይሜታል ከነፊውዟ መለስኳት። የመስተዋቱን ቱቦ በባዶ እጅ አልነካሁም፣ ቅባት ያበላሸዋል ይባላል። የውሃ መውረጃዋንም በሞቀ ውሃ አጠብኳት፣ ግማሹ ተደፍኖ ኖሯል።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሶኬቱን ለካሁ፤ 248። ቀን 215 የነበረው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሂተሩ ላይ ሲደርስ ከሩብ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ነው። ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ ለሞተሩም ይበጃል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ስለሚለቅ፣ እየሮጥኩ ሶኬት መንቀሌ ቀረ።

ልጁ ባለፈው እርጎ ሊጠጣ መጣ። አዲሷን ባይሜታል ከፍሪዘር አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት። ዝም ብሎ ያዛት። «ጠቅ» ስትል ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እስካሁን ስንቷን ጣልኩ!» አለ።