ከወንፊት በላይ የቀረው

አሶሳ ዞን ውስጥ ለወርቅ ፍለጋ የወንዝ ደለል ናሙና እየሰበሰብን ነበር። ከዋናው ቢሮ የመጣው ኃላፊያችን መመሪያውን በእጁ ይዟል፦ ደለሉ በ80 ሜሽ ወንፊት ይነፋል፣ ከ0.18 ሚሊሜትር የደቀቀው ብቻ ከረጢት ይገባል፣ ሌላው ይደፋል።

«የዚህ ወንዝ ወርቅ ሻካራ ነው፤ ከተፈለቀቀበት የኳርትዝ ድንጋይ ጅማት ብዙ አልራቀም። በገበቴ አጥበን የሚቀረውንም እንላክ» አልኩት።

«መመሪያው ላይ አለ?»

የለም። ተነፋ።

ከታች በኩል ሴቶች ወርቅ ያጥባሉ። እዚያ አገር ወንዶቹ ቢቆፍሩም ገበቴው በብዛት የሴቶቹ ነው። አንዲት እናት ክምሩን ሲያዩት ቆይተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን የምትደፉትን ትፈልጉታላችሁ?»

«ይውሰዱት እናቴ፣ ጥቅም የለውም» አላቸው ኃላፊያችን በፈገግታ።

ወስደው ውኃው ውስጥ ቁጢጥ አሉ። መጀመሪያ ጠጠሩን በእጃቸው ጠረጉት፤ ከዚያ ገበቴውን ዘወር፣ ዘንበል፣ ዘወር። ነጩ አሸዋ በከንፈሩ በኩል እየተንሸራተተ ሄደ። ወርቅ በጥግግቱ ከኳርትዝ ስድስት ሰባት እጥፍ ስለሚከብድ ቸኩሎ አይወጣም። በመጨረሻ ጥቁር አሸዋው ብቻ ቀረ፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ፍንጣሪዎች፣ አንዷ ከጤፍ ፍሬ የምትተልቅ። በረጠበ ጣታቸው አንስተው የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተቷት።

ኃላፊያችን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ናገት ኢፌክት ነው፤ ለስታቲስቲክስ አይሆንም» አለ፤ ጥቂት ትልልቅ የወርቅ ፍንጣሪዎች የናሙናውን ውጤት ሲያዛቡ የሚባል ነው። ለእኔ ይሁን ለሳቸው አላወቅሁም። እሳቸው ግን በአክብሮት ሰምተውት ሲያበቁ፦

«ነገ የት ነው የምትነፉት?» አሉት።

ሾፌሩ መኪናውን ዞሮ ሄዶ ሳቀ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ፤ የጻፍኩት ነገር አልነበረም። በማግስቱ እኛ ከመድረሳችን በፊት ሴቶቹ ገበቴያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሥራ ዕቅዳችንን እንደነሱ አክብሮ የጠበቀ ሰው አላየሁም።

የቤተ ሙከራው ውጤት ሲመጣ አብዛኛው ናሙና መሣሪያው ከሚለየው መጠን በታች ሆነ። ሪፖርቱም «አካባቢው ዝቅተኛ የወርቅ ተስፋ ያለው» አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ምዕራፉ ደግሞ ባህላዊ አውጪዎች ክፍት የሚተዉት ጉድጓድ ውኃ እያቆረ የወባ ትንኝ እንደሚያራባ በሰፊው ያትታል። በኤክስካቫተር ቆፍረን ሳንደፍን የወጣንባቸው የራሳችን ቦዮች እዚያው ሪፖርት ካርታ ላይ በቀይ መስመር አሉ፤ ምዕራፉ ግን አላያቸውም።

ኃላፊያችን በኋላ ደውሎልኝ ነበር። ሰላምታው ረዘም አለና «እነዚያ ሴቶች በዋናነት የትኛው ገባር ላይ ነበር የሚያጥቡት?» አለኝ።

«መመሪያው ላይ የለም» አልኩት።