ባዶ የተባሉት ባይቶች

ቡድናችን የኔስን፣ ማለትም ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም የተባለውን የድሮ የጌም ማሽን፣ ጌሞች ከካርትሪጅ እየገለበጠ በማኅደር ያስቀምጥ ነበር። ከካርትሪጁ የሚገለበጠው ኮድና ሥዕል ብቻውን ብዙም አይረባም። ቦርዱ ላይ የትኛው ቺፕ እንዳለ፣ ጌሙን ሴቭ የሚያደርግ ባትሪ መኖር አለመኖሩ ካልታወቀ ኢሙሌተሩ፣ ማለትም ማሽኑን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ጌሙን ማስነሳት አይችልም።

ይህን መረጃ የሚይዘው ማራት ፋይዙሊን ለአይኔስ ኢሙሌተር ያወጣው ሄደር፣ ማለትም ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ 16 ባይት የመረጃ ክፍል፣ ነው። የኮዱን መጠን በ16 ኪሎባይት፣ የሥዕሉን በ8 ኪሎባይት እየቆጠረ ይመዘግባል። ማፐር የሚባለው የቦርዱ ዓይነት ቁጥር ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ባይት 6 እና ባይት 7 ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ጠባብነቱ ነው፤ ከ256 ማፐር በላይ አይችልም፣ አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ጠባያቸው የሚለያይ ቦርዶችንም አይለይም። ስለዚህ ሄደሩን ለማስፋት ተነሣን።

አንድ ባልደረባችን ያቀረበው ሐሳብ ወረቀት ላይ ያምር ነበር፦ ከባይት 8 እስከ 15 ያሉት ባዶ ስለሆኑ እዚያ ውስጥ ከዜሮ ሌላ ነገር ከተገኘ ፋይሉ አዲሱን ቅርጽ የያዘ ነው እንበል። ሁላችንም ተስማማን። አንጋፋዋ ባልደረባችን ግን «እስቲ መጀመሪያ ያሉንን ፋይሎች እንክፈታቸው» አለች።

ከፈትናቸው። በርካታ አሮጌ ፋይሎች ላይ ከባይት 7 እስከ 15 «ዲስክዱድ!» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፎ አገኘን። አንድ የድሮ መሣሪያ የራሱን ፊርማ እዚያ ያትም ነበር፤ ዘጠኙ ምልክቶች ዘጠኙን ባይት ልክክ ብለው ሞልተውታል። በእኛ ዕቅድ እነዚህ ሁሉ አዲሱን ቅርጽ የያዙ ተብለው ይቆጠሩ ነበር፤ ፊደሎቹም የሜሞሪ መጠን ተደርገው ይነበቡ ነበር። ጉዳቱ ባይት 7 ላይም አለ። የመጀመሪያው ፊደል «ዲ» የማፐሩን ቁጥር በ64 ያሳድገዋል፤ ማፐር 1 የሆነ ጌም 65 ተብሎ ይነበብና አይነሣም።

ከዚያ በኋላ ነው ኬቪን ሆርተን በ2006 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ኔስ 2.0 የተባለ የሰፋ የሄደር ቅርጽ በጥሞና ያነበብነው። እሱም የሚጠቀመው ያንኑ 16 ባይት ነው፤ ነገር ግን መለያው ባይት 7 ላይ ያሉ ሁለት ቢቶች (ባይቱ የተሠራባቸው ነጠላ 0 ወይም 1 ምልክቶች) «10» መሆናቸው ነው። «ዲ» በዚያው ቦታ «01» ስለሚሰጥ ሁለቱ አይምታቱም። በዚህ ላይ፣ ሄደሩ የሚናገረው መጠን ከፋይሉ እውነተኛ መጠን በልጦ ከተገኘ መለያው ቢኖርም አይታመንም። ይህችን ሁለተኛ ማጣሪያ በጣም ወደድኳት፤ ሄደሩ ስለ ራሱ የሚለውን በፋይሉ ታስመሰክረዋለች።

የራሳችንን ንድፍ ትተን ኔስ 2.0ን ወሰድን። ማፐሩ ወደ 12 ቢት ሰፋ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ቦርዶች የሚለይ ንዑስ ማፐር አገኘን፣ ጌሙ ለየትኛው የቴሌቪዥን ሥርዓት እንደተሠራም መመዝገብ ቻልን። የተበከሉትን ፋይሎች ምን እናድርግ በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። እዚያው ላይ ይታረሙ ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን አሁንም ማኅደር የመጣለትን እንደመጣ መያዝ አለበት ባይ ነኝ። በመጨረሻ ዋናዎቹን ሳንነካ የታረመውን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀመጥን።