«ሲ» የተባለው «ኤፍ»

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የምሽት ቤት የሚሠራ ባንድ ሲመሠረት ሰባት ሰው ነበረው፦ ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ አልቶ ሳክስፎንና ሁለት ድምፃውያን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድረኩ ላይ የቀሩት ኪቦርዲስቱ፣ ሳክስፎኒስቱና ድምፃውያኑ ብቻ ነበሩ። ማንም ማንንም አላባረረም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት ሙዚቃው ይቆማል፣ ክፍያውም አብሮ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ወደየቤቱ ይበተናል። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ድራመሩ ሳይመለስ ቀረ። «ኪቦርዱ ውስጥ ድራም አለ» ተብሎ ሰው አልተተካም። በዓመቱ ቤዙም ቀረ፤ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ቤዝ ይመታል ተባለ። ሊድ ጊታሩም በዚያው ሄደ። የቤቱ ባለቤት ለባንዱ የሚከፍለው የአዳር ገንዘብ ያው በመሆኑ ሰው በጎደለ ቁጥር የቀሪው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስለ ጎደለው ሰው ማን ያንሣ?

ባንድ ሰው ሲለዋወጥበት መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ዋልያስን የሚያህል ባንድ እንኳ በ1970ዎቹ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ከፊሉ እዚያው ቀርቷል። እዚህኛው ባንድ ላይ የከፋው የሰው ቦታ በዕቃ መሞላቱ፣ ዕቃውም የባንዱ ሳይሆን የኪቦርዲስቱ የግል ንብረት መሆኑ ነው። የችክችካው፣ የምንጃሩ፣ የወሎው ምት ሁሉ በያማሃ ኪቦርዱ ላይ ራሱ የሠራው ስታይል (ኪቦርዱ በራሱ የሚመታው አጃቢ) ነበር፤ በፍላሽ ይዞት ይዞራል።

ጥር ላይ፣ ሠርጉ ጾም ሳይገባ በሚጣደፍበት ሰሞን፣ ኪቦርዲስቱ ሌላ ከተማ የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ሄደ። ኪቦርዱንም ፍላሹንም ይዞ ነው የሄደው፤ የራሱ ሥራ ስለሆነ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ ተተኪ መጣ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደረሰው ግን መሽቶ ስለነበር ለልምምድ ጊዜ አልተረፈም። ከድምፃውያኑ አንዱ የድሮዎቹን ስታይሎች ግልባጭ ይዞ ነበርና ችግር የለም አለ። ነገር ግን የተተኪው ኪቦርድ ኮርግ ነው። ኮርግ የያማሃን ስታይል እንዳለ አያነብም፤ ፍላሹ ተሰካ፣ የፋይሎቹ ስም እንኳ አልወጣም።

ሥራው በትዝታ ተጀመረ። ተተኪው ድምፃዊቷን «ከየት ልያዝልሽ?» አላት፤ ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ ይነሣ ማለቱ ነው። «ከሲ» አለች። የነገረችው የምታውቀውን ነው። የቀድሞው ሰው ሁልጊዜ «ያንቺ ሲ ነው» ይላት ነበር፤ ጣቱም የሚያርፈው የሲ ቁልፎች ላይ ነው። እሷ የማታውቀው፣ ዘፈኖቹ ከወንድ ድምፅ ወደ እሷ ሲዞሩ ትራንስፖዙን (የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ) 5 ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎት እንደነበር ነው። በሲ እየተጫወተ የሚሰማው ኤፍ ነው። ሳክስፎኒስቱ ግን በጆሮው እውነተኛውን ኪይ (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ያውቀዋል፤ በአልቶ ሳክስ የሚነፋው ድምፅ ስምና የሚሰማው ስለሚለያዩ ለእሱ ኤፍ ማለት ዲ ነው፤ በለመደው በዲ ገባ።

ሁለቱ በሁለት ኪይ እየሄዱ ወዲያው ያልተነቃባቸው ለምን ነበር? የሲ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። የኤፍ ደግሞ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ። ከአምስቱ አራቱ አንድ ናቸው! የሚጋጩት አንዱ በኢ ሌላው በኤፍ ሲያርፉ ብቻ ነው፤ ያኔ ግማሽ ድምፅ ልዩነት ጥርስ ያፋጫል፣ ከዚያ መልሶ ይስማማል። ድምፃዊቷ ወደ ታች ስትወርድ ድምፅዋ ይዋጥባታል። ሳውንድ ማኑ ማይኩን ከፍ አደረገላት፤ ማይኩ ግን መጮህ ጀመረ።

ሁሉም ጥፋቱን በብርዱ አሳበቡ፤ ብርዱም ንጹሕ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊቷ ውርጭ ነው። ሳክስፎኑ ከመኪና ወጥቶ በቀጥታ ወደ መድረክ ገብቷል። የንፋስ መሣሪያ ውስጡ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ድምፁ በ3 ሴንት ያህል ይወርዳል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 8 የወረደ ሳክስ በ36 ሴንት ወረደ ማለት ነው። ኪቦርድን ብርድ አይነካውም። ሳክስፎኒስቱ አፍ መያዣውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ አስተካከለ። ሳክሱም እየተነፋ ሞቀ። ግጭቱ ግን አልጠፋም፤ ያኔ ነው ኪዩ የተጠረጠረው።

ሁለተኛው ዘፈን ችክችካ ነበር። ተተኪው የሚቀርበውን ምት ፈልጎ ዋልዝ ከፈተ። ስድስቱ ምት ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ሲከፈል ችክችካ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ለሦስት ሲከፈል ዋልዝ ይሆናል። ብዛቱ አንድ ነው፣ ትከሻ ግን አይታለልም። እስክስታ ሊወርዱ የተነሡት ሠርገኞች ሁለቴ ሞክረው እየሳቁ ተቀመጡ። ሌሊቱን ያወጣው ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነው። ከጓዳ ከበሮ አወጣ፤ ቆዳው በብርድ ረግቦ ስለነበር ማንደጃው ዳር ሁለቱንም ፊት እያገላበጠ አሞቀውና በእጁ ችክችካውን ያዘ። ተተኪው የኪቦርዱን ድራም አጥፍቶ ኮርድ ብቻ ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ደብተር አወጣ። ለያንዳንዱ ዘፈን ትራንስፖዙ ዜሮ ሆኖ የሚሰማው ኪይ ይጻፋል፤ ከጎኑ የአልቶው ኪይ፣ ቅኝቱ፣ የምቱ ፍጥነት፣ መግቢያው ስንት ባር እንደሆነ፣ መዝጊያው በማን ምልክት እንደሚሆን። አንድ ዘፈን ለሁለት ድምፃውያን ከሆነ ሁለት መስመር ይይዛል። ሳክስፎኑ ሥራ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሳሎን ገብቶ ይሞቃል፣ ማስተካከያው ከዚያ በኋላ ነው። ከበሮ መቺው አስተናጋጅ ድርሻ ተቆርጦለት አባል ሆነ፤ ቤዝም ተመልሶ ተቀጠረ። በድርሻው ማነስ ከድምፃውያኑ አንዱ አኩርፎ እስከ ጾም መግቢያ አላነጋገራቸውም።

ደብተሩ የሚቀመጠው የቤቱ ገንዘብ ተቀባይ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ የመጣው ኪቦርዲስት መጀመሪያ የተሰጠው ይኸው ደብተር ነበር። የድምፃዊቷ ትዝታ መስመር ላይ «ሲ» ተሰርዞ በቀይ እስክሪብቶ «ኤፍ» ተብሏል።