ለሩጫ ልምምድ የሬዲዮ መገናኛ ስንመርጥ፦ ከዋት ይልቅ ከፍታ

ሰሞኑን በሱሉልታ ሜዳና በእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት ላይ የምናካሂደው የወጣቶች የሩጫ ልምምድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በሬዲዮ መገናኛ ተመርቶ፣ መልእክት ሳይቆራረጥ ተጠናቋል። ደስታዬም ትልቅ ስለሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተመሳሳይ ሥራ ለምትሠሩ አስተባባሪዎች የተማርኩትን ላካፍል ወደድኩ። ስልክ ይበቃል ብለን ረጅም ጊዜ ቆይተናል፤ ይሁን እንጂ ባሕር ዛፉ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ወይም አንዱን ጉዳይ ለአምስት ሰው በየተራ መደወል ሲያስፈልግ፣ አንዱ የተናገረውን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሰማበት መሣሪያ የግድ ሆነ።

ስለ መሣሪያው ዓይነት ብዙ አልልም። በእጅ የሚያዙት ሬዲዮዎች በአብዛኛው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ወይም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው የሞገድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ክልል ይሠራሉ። የመጀመሪያው ለሜዳና ለዛፍ፣ ሁለተኛው ለሕንፃ ውስጥ ይሻላል የሚለው የባለሙያዎች ምክር ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መለዋወጫ ባትሪ የማይገኝለትን ሬዲዮ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ።

ስለ ፈቃድ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በካርቶኑ ላይ «ያለ ፈቃድ የሚሠራ» ተብሎ ሲጻፍ የሚያመለክተው የሌላ አገር ሕግ ነው። በአውሮፓ በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ጉልበቱ ከግማሽ ዋት ላልበለጠና አንቴናው ለማይነቀል ሬዲዮ የተፈቀደው ነፃነት እንዲሁም በአሜሪካ ለቤተሰብ ሬዲዮ የተሰጠው ነፃነት እዚያው አገር የሚሠሩ ናቸው፤ ዕቃው ወደ እኛ ሲመጣ አብረውት አይመጡም። በእኛ አገር ፍሪኩዌንሲ የመመደብና የመገናኛ መሣሪያን መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ጥያቄው በክለቡ ስም ይቅረብ፣ ግዢውም ከፈቃዱ በኋላ ይሁን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞልን ይምጣ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድም ለዚህ ሥራ ምትክ አይሆንም፤ እርሱ ለግል ትምህርትና ለቴክኒክ ሙከራ እንጂ ለድርጅት ሥራ የታሰበ አይደለም። ሙያውን መማር ለሚሻ ሰው ግን በ5 ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚገኘውና ኢቲ3ኤኤ በሚል መለያ የሚታወቀው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አገራችን በዚህ መስክ ያላት ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ርቀቱ ልምጣ። ሻጮች አሥርና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይላሉ፤ እኛ ግን ሜዳው ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ድምፅ፣ ሯጮቹ የመጀመሪያውን ጉብታ ዞረው ወደ ዛፉ እንደገቡ ወዲያው ይጠፋብን ነበር። ብዙዎች የሚመክሩት ከፍ ያለ ዋት ያለው ሬዲዮ እንድንገዛ ነበር። ይህን ምክር አልቀበለውም። ጉልበቱን ከ5 ወደ 10 ዋት ብናሳድገው ምንም በማይከልለው ሜዳ እንኳ ርቀቱ የሚጨምረው ቢበዛ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው፤ ተራራ በመካከል ከገባ ግን ይህም ትርፍ ብዙ አይረዳም። እነዚህ ሞገዶች የሚጓዙት በአብዛኛው ቀጥ ብለው ስለሆነ፣ የሚወስነው ሁለቱ አንቴናዎች ያለ ከልካይ «መተያየት» መቻላቸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን አንቴና ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ ሁለቱን ደምሩ፣ ድምሩን በ4.12 አባዙት፤ የምድር ክብነት የሚፈቅደው ርቀት በኪሎ ሜትር ይወጣል። ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ የያዙ ሁለት ሰዎች በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቢቆሙ ውጤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ከሜዳው 400 ሜትር ከፍ ካለ ጫፍ ላይ ቢቆም ግን ወደ 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዛፍ፣ ቤትና ጉብታ ከዚህ ላይ ብዙ ይቀንሳሉ፤ ከዝናብ በኋላ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም የከፍታን ብልጫ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

በዚህ ሥራ እጅግ የወደድኩት መሣሪያ ሬዲዮው ሳይሆን ጉግል ኧርዝ የተባለው የካርታ ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር ላይ የሩጫውን መስመር ስታሰምሩበት የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በጎን ያሳያል፤ የትኛው ጉብታ ማንን እንደሚከልል ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። በዚህ መንገድ ሜዳውም የዛፉ ውስጥ መንገድም የሚታይበትን አንድ የጉብታ ጫፍ መርጠን መልእክት አቀባይ አቆምን። አቀባዩ ሬዲዮውን በፊቱ ትይዩ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ የሰማውን በማስታወሻው ይጽፋል፣ ከዚያም ቃል በቃል ይደግማል፦ «ቁጥር 14፣ ቁርጭምጭሚት፣ ሁለተኛው የውኃ ቦታ።» ከታች ያለው የሕክምና ረዳት ይህን ሰምቶ «ተቀብያለሁ፣ ቁጥር 14» ብሎ እስኪመልስ ድረስ መልእክቱ እንደደረሰ አይቆጠርም።

ሬዲዮውን ወገብ ላይ ሰክቶ በጃኬት ሸፍኖ መናገር ትልቅ ጉዳት አለው፤ ሰውነት ሞገዱን ይውጠዋል። እዚያው የቆመ ልጅ ሬዲዮውን ከወገቡ አውጥቶ ፊቱ ጋ ሲያደርሰው፣ ሲንኮሻኮሽ የነበረው ድምፅ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁልፉን ተጭኖ አፍታ ሳይቆዩ መናገርም የመጀመሪያውን ቃል ያስቆርጣል። «የግላዊነት ኮድ» የሚባለውም ንግግሩን ምስጢር አያደርገውም፤ የሌሎችን ድምፅ ከእኛ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የእኛን ከሌሎች አይሰውርም። ስለዚህ የተጎዳን ልጅ ስም በሬዲዮ አንጠራም፤ የደረት ቁጥሩን ብቻ እንናገራለን። በሌሎች ደንቦች ሁሉ ላይ ብትደራደሩ እንኳ በዚህ ደንብ አትደራደሩ እላለሁ።

ዲጂታል ሬዲዮዎችን ገና በሚገባ አልተማርኳቸውም፣ ስለዚህ ስለ እነርሱ ምክር አልሰጥም። አሁን የማጠናው በአቀባዩ ቦታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሪፒተር፣ ማለትም የሰማውን በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ መትከልን ነው። ሪፒተር አንዱን ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላው ስለሚያስተላልፍ ፈቃዱም ሁለቱን ማካተት ይኖርበታል። በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል ይህን በሕጋዊ መንገድ ያስተከለ ክለብ ካለ፣ በተለይ የክረምቱን ደመና ባትሪው እንዴት እንደተወጣው ቢነግረኝ እጅግ አመሰግናለሁ።